የማንአለብኝ ትኩሳት

ስሙን ሳወጣለት ለሰው ነበር እንጂ ለእሱ አልነበረም፤
አጥር የገፋብኝ ጎረቤት ነበረኝ፣ ዛሬ ያ ሰው የለም።
ዶሮ ማነቂያ ላይ "ማንአለብኝ!" እያልኩ ማታ ማታ ስጣራ፣
የሚሰማው ሰውየው፤ የሚመጣው ውሻው፣ እየቆላ ጭራ።

ሰፈሩ ሲነሣ ሰውየው ጓዙን ጭኖ ወደ ገላን ሄደ፤
እኔም አጥር የለኝ፣ ክሱም ተዘጋ፣ ነገሩ በረደ፤
ስሙ ብቻ ቀረ፣ ከቆዳው ተዋሐደ።

ፒያሳ ነን አሁን። እኔ የመድኃኒት ቤት ዘበኛ፣
እሱ የእኔ ዘበኛ፤
ደመወዝ አያውቅ፣ ፈረቃ አያውቅ፣ ሲተኛም አንድ ዓይኑ አይተኛ።

ትናንት ማታ ግን ሞተር ሲያልፍ አልጮኸም።
ዳቦ ወረወርኩለት፣ ዞር ብሎ አላሸተተም።
አፍንጫው ደርቋል፣ ጆሮው ይፋጃል፣ ሆዱ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፤
እጄን ብብቱ ውስጥ ብከት ምድጃ ይመስላል።
ማንአለብኝ፣ አልኩት፣
ትኩሳት አለብህ።

ሰው መች ምክር ይነሳል? መንገደኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ፤
ሎተሪ አዟሪው ዘርጋው፣ ከአስፋልቱ ማዶ ቆሞ፣ "አብዷል" ብሎ ወሰነ።
ቆሎ ሻጯ ይፍቱስራ "ጆሮውን ብጣው" ትላለች፤
"የአባቴ ውሻ እንዲያ ድኗል" ብላ በሚካኤል ትምላለች።
ፓርኪንግ የሚያስከፍለው ልጅ፣ ጢሙ እንኳ ገና ያልበቀለ፣
"ማዘጋጃ ቤት ደውል፣ ይገላግሉሃል" አለ።
ይገላግሉሃል!
እንዴት ያለ ቃል ነው፤ ለወላድም ለሟችም እኩል ይሆናል።

ከጀርባዬ አንድ ሙሉ ቤት መድኃኒት፣
በመስታወት ተደርድሮ፣ ለሳል፣ ለጨጓራ፣ ለትኩሳት።
ቁልፉ እኔ ጋ የለም።
ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ግን ለወገቤ የያዝኩት ክኒን ነበር፤
ግማሹን ሰብሬ ዳቦ ውስጥ ወሸቅሁ፤ ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ደወልኩ ሳላፍር፣
ለፋርማሲስቷ ለኤዶም፣ እኩለ ሌሊት ላይ፤ በእንቅልፍ ድምፅ ስትናገር፦

"ጋሽ መንበሩ፣ እንዳይሰጡት! የሰው ክኒን ለውሻ መርዝ ነው፤
ትኩሳቱን ሳይሆን እሱን ነው የሚያበርደው።
ውሃ አጠገቡ ያኑሩ፣ ከጠጣ ይጠጣ፣ በግድ አይጋቱት፤
መዳፉን፣ የጆሮውን ጫፍ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይንኩት፤
ከተንቀጠቀጠ ይተዉት።
ሲነጋ ዶክተር ከድርን እልክልዎታለሁ።"
ዘጋች። መልሳ ደወለች፦ "በረዶ እንዳይሆን፣ ለብ ያለ ውሃ፤ ቅድም ረሳሁ።"

ከመኪና አጣቢዎቹ ግማሽ ጀሪካን ለመንኩ።
ከፎጣዬ ጫፍ ቀደድኩ።
እግር አጥቤ አላውቅም፣ በጸሎተ ሐሙስ ታጥቤያለሁ እንጂ፤
ጊዮርጊስ ነበር፣ ቄሱ ሲያጎነብሱ ጉልበታቸው ሲንቋቋ
እኔ ነበርኩ ያፈርኩት።

አንደኛው መዳፍ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤
በአራተኛው ላይ አቃሰተ፤ የግራ የኋላ እግሩ ነው።
ከጣቶቹ መሀል የቆርቆሮ ስባሪ፣ ዙሪያው አብጦ መግሏል።
በእጅ ባትሪዬ አየሁት፤ ቀለሙ አረንጓዴ ይመስላል።
ያንን አረንጓዴ አውቀዋለሁ፤
ከክሱ ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ ተጽፎ አይቼዋለሁ።
ለካ ሌሊት ሌሊት እኔ ሳንቀላፋ እየሄደ፣
የፈረሰ አጥር ይጠብቃል፤ ነገሩ ለእሱ አልበረደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃውን ሦስቴ ላሰ።
ቆጠርኩ።

ዶክተር ከድር በሞተር መጣ፣ ከሥራ ሰዓት በፊት፤
ቴርሞሜትሩን የት እንዳስገባ አልናገርም፤ ማንአለብኝ ግን አየኝ፣ በትዝብት።
"አርባ ነጥብ አራት" አለ። ቆርቆሮውን ነቀለ። መርፌ ወጋ። አሠረ።
ከዚያ ካርድ አውጥቶ ስሙን ጠየቀኝ፤ ምላሴ ተሳሰረ።
ለሐኪም በጠዋት "ማንአለብኝ" ይባላል?
ስድብ ይመስላል።
ዝቅ አድርጌ ነገርኩት፤ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ፣
እሱም እየቸኮለ ሲጽፍ።

ዝርያ፦ የሀገር። ዕድሜ፦ ሰባት ገደማ። ስም፦ ማንአለኝ።
አንዲት ፊደል ጎድላለች።
መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት።
አላረምኩትም።